«ቀደምክ!» የሚል ከበሮ

በየሰርጉና በየማኅበሩ ጭብጨባ የሚያፈርስ አንድ ሰው አይጠፋም። መቶ ሰው አብሮ ሲያጨበጭብ እሱ ብቻ በራሱ ጊዜና በራሱ ሕግ ያጨበጭባል። የሚገርመው ደግሞ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእሱ እጅ ነው። አንድም ቀን ግን «ያፈረስኩት እኔ ነኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዘወር ብሎ አጠገቡ የቆመውን በትዝብት ያያል እንጂ! ይህን የማነሳው ማንንም ለመንካት አይደለም። (ከነካኋችሁ ግን አጨብጭቡልኝና እንተያይ።) እኔው ራሴ በስተርጅና፣ ያውም በማሽን፣ ጭብጨባ አፍራሽ ተብያለሁ።

ደምሴ እባላለሁ፤ ሮም ውስጥ የቶር ፒኛታራ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የአንድ ፓላዞ፣ የአንድ ፎቅ መኖሪያ፣ በር ጠባቂ ሆኜ ፖስታ እቀበላለሁ፣ ደረጃ እጠርጋለሁ፣ ሊፍቱ ሲቆም የነዋሪውን ሁሉ እርግማን እሰማለሁ። እሑድ ግን ሌላ ሰው ነኝ። እሑድ ከበሮ አነግታለሁ። ጎጃም በዲቁና ሳለሁ የኔታ እጄን በመቋሚያ እየነኩ ያስተማሩኝ ነው። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ብሎ የተረተው ሰው እኔን ሳያይ ነው የሞተው። ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው።

ልጄ ህሊና እዚሁ ሮም ተወልዳ ያደገች ናት። በየቢሮው «የእርስዎና የልጅቷ ኮኞሜ፣ የቤተሰብ ስማችሁ፣ ለምን ለየቅል ሆነ?» እየተባልኩ፣ በእኛ አገር ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስም እንደሆነ፣ እኔም በአባቴ እንደምጠራ ሳስረዳ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። ጣልያን ራሱን ይነቀንቃል፤ አይገባውም። አንዳንዴ እሷም የእኔ መሆኗን የምትጠራጠር ይመስለኝ ነበር። ቅዳሴ ላይ ጆሮዋ ውስጥ የሰካችውን የሙዚቃ ማዳመጫ በነጠላዋ ሸፍና ስትቆም ስንቴ አይቼ እንዳላየ አልፌያለሁ።

ይህች ልጅ ፒኜቶ ሰፈር ካለ አንድ ትንሽ ቢሮ ለሦስት ወር በሙከራ ተቀጠረች። ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከበሮ! ቢሮው ጃፓኖች የሠሩትን የከበሮ ጨዋታ ለጣልያን ተጫዋች የሚያዘጋጅ ነው። በርሜል የሚያህል ከበሮ ስክሪን ፊት ይቆማል። ዘፈን ሲጀመር ቀይና ሰማያዊ ክቦች እንደ ትራም ተከታትለው ይመጣሉ። ቀዩ ምልክቱ ጋ ሲደርስ የከበሮውን መሐል፣ ሰማያዊው ሲደርስ ጠርዙን በዱላ ትመታላችሁ። በልኩ ከመታችሁ «ፐርፌቶ!» ትባላላችሁ፤ ከቀደማችሁ «ትሮፖ ፕሬስቶ!»፣ ከዘገያችሁ «ትሮፖ ታርዲ!»።

ጃፓኖቹ ሲጀምሩ በአንዲት ክፍል ጠረጴዛ ይደበድቡ ነበር አሉ። ዘፈኑም ሥዕሉም አላስቸገራቸውም። ዓመታት የፈጀባቸው ሰው ምን ያህል ቢሳሳት «ልክ ነህ» ይባል የሚለው ነው። ሲያጠብቡት ተጫዋቹ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል፤ ሲያሰፉት ይሰለቻል። እንግዲህ ይቅርታን በሰከንድ ስንጣሪ እየለኩ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «የእኛም ሥራ ያው ነው» አሉኝ።

የህሊና ሙከራ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ከሠሪዎቹ አንዱ ሲኞር ኬንጂ ከጃፓን መጣና ጨዋታ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከበሮውን ይሞክር አለ። ልጄ አፏ አመለጣት። «አባቴን አመጣለሁ፤ ሮም ውስጥ ከእሱ የተሻለ ከበሮ መቺ የለም» ብላ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ቲ ፕሬጎ፣ እባክህ እንዳታዋርደኝ» አለችኝ። «ኮንትራቶዬ ሐሙስ ነው የሚወሰነው። ውሸታም እንዳልባል።»

እኔ የሰማሁት «ከእሱ የተሻለ የለም» የሚለውን ብቻ ነው። ለእኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ችግሩ ወሩ ዐቢይ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ ታውቃላችሁ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«የሚመታው በእጅ ነው በዱላ?» አሉኝ።

«በዱላ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ነጋሪት ነው። ነጋሪት የመንግሥት ነው፤ እኛ አያገባንም። በርታ!»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ካፖርቴን አውልቄ ጃፓን ሠራሹ ነጋሪት ፊት ቆምኩ። ኬንጂ፣ የቢሮው አለቃ ሲኞራና ህሊና ከኋላዬ ናቸው። ዘፈኑ ተጀመረ። ፐርፌቶ! ፐርፌቶ! ፐርፌቶ! ህሊናን ዘወር ብዬ በኩራት አየኋት። ዘፈኑ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመላለስ ግን እጄ የለመደውን አደረገ። በእኛ ደንብ በመረግድ ቀስ ብሎ የተጀመረ ወደ ጽፋት ይሻገራል፤ ይፈጥናል፣ ይሞቃል። ማሽኑ ግን የኔታ ዘንድ አልተማረም።

«ትሮፖ ፕሬስቶ!»

ጨመርኩ። «ትሮፖ ፕሬስቶ! ትሮፖ ፕሬስቶ!» ቀና ብዬ ማሽኑን በትዝብት አየሁት፤ የዘገየው እሱ ነዋ! ዘፈኑ ሳያልቅ ስክሪኑ ጠቆረና መውደቄን አወጀ።

«ቫ ቤኔ፣ ግራዚዬ» አለች ሲኞራዋ። ሮም ውስጥ ቤት ሲከራይ የኖረ ሐበሻ ይህን «ቫ ቤኔ፣ ግራዚዬ» ያውቀዋል፤ ቃሉ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ነው፣ ትርጉሙ «አይሆንም»። ህሊና እንደ በርበሬ ቀልታለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኬንጂ ግን ምቴ የተመዘገበበትን ኮምፒውተር አፍጥጦ ያያል። ከዚያ ህሊናን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም ተረጎመችልኝ፦ «ስህተቱ ዝብርቅርቅ አይደለም፤ እኩል እኩል እየፈጠነ ነው የሄደው። ሆን ብሎ ነው ወይ ይላል።»

እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ትመታው ጀመር። በቀኟ ወፍራሙን፣ በግራዋ ቀጭኑን፣ አንዱንም ሳታዛንፍ። «ይሄ መረግድ ነው» አለቻቸው። «እዚህ ጋ ጽፋት ይሆናል። አባቴ ዘፈን አይከተልም፤ ሕዝብ ይዞ ነው የሚሄደው።» እያፈጠነች እያፈጠነች ሄደች። ሲኞራዋ ሳታውቀው በእግሯ ወለሉን ትመታ ነበር።

ያን ጊዜ ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት ጆሮዋ ውስጥ የተሰካው ማዳመጫ ለካ ድምፁ ተዘግቶ የእኔን ከበሮ ነበር የምትሰማው!

ህሊና ኮንትራቶዋን ያን ዕለት ፈረመች። ጨዋታውም ሲወጣ ከሦስተኛው ዙር በኋላ የሚፈጥን አዲስ ደረጃ ተጨምሮለት መጣ፤ ፍጥነቱ ከእኔው ምት የተቀዳ ነው። በደስታ ሄጄ ሞከርኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ?

«ትሮፖ ታርዲ!»

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

ኬንጂ በመጨረሻ የሚያልፈው የሠሪዎች ዝርዝር ላይ ስሜን ሊያስገባ ፈልጎ፣ ከሠራተኛ በቀር አይፈቀድም ስለተባለ በደብዳቤ ይቅርታ ጠይቆኛል። ምስኪን! እሱም እንደ ጣልያኖቹ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ስሞቹ ከታች ወደ ላይ ያልፋሉ፤ ከጃፓኖቹና ከጣልያኖቹ መካከል «ህሊና ደምሴ» የሚል አለ። ኮኞሜ ይመስላቸዋል፤ እኔው ነኝ። እርግጥ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ትቅደም። እዚህ ላይ «ትሮፖ ፕሬስቶ» የሚላት የለም።