አራስ ጥየቃ የፈጃቸው ወይኖች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ የምከፍትላችሁ የወይን ቤት ነው።

ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ አውሬው ሁሉ የሚሻማበት አሮጌ ወይን ነበረ። ወይኑ ታመመ። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ፍሬው እንደ ፍየል በጠጥ ጠጠረ። የጫካው ሹም ዝሆን ሸንጎ ጠርቶ «ምን ይበጃል?» አለ። አውሬው ጀንበር እስክትጠልቅ ተናገረ፤ የሚበጅ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ እመት ጉሬዛ ተነሣች።

«በሽታው ያልደረሰበት የጫፍ ጫፍ አለው። እሱን ቆርጬ በጠርሙስ አሳድጋለሁ።»

«ካልጸደቀስ?» አለ ዝሆን።

«ካልጸደቀ ከዛፌ አስወርዱኝ።»

«ሰምታችኋል!» አለ ዝሆን። በሰው ዛፍ መፍረድ መቼ ይከብዳል።

ጉሬዛ ሰዎች የጣሉትን ጠርሙስ ለቃቅማ ቀቀለች፣ የሚመገቡት ጣፋጭ የረጋ ጄሊ አበጀች፣ ጫፎቹን ቆርጣ ተከለችበት። ወይኖቹ ነፋስ ሳይነካቸው፣ ጥም ሳያውቁ፣ እንደ ሀብታም ልጅ ተንደላቀው አደጉ። ቅጠላቸው ስስ፣ ሥሮቻቸው ሰነፍ ሆኑ። ስለዚህ ከጠርሙስ አውጥታ በለዘበ አፈር ስትተክላቸው ጥላ ሥር አድርጋ ላስቲክ አለበሰቻቸው።

«ገና አራስ ናቸው» አለች። «ላስቲኩን ቀስ በቀስ እየገለጥኩ ነፋሱን አለማምዳቸዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ።»

አራስ እያለ ቤቱ የሚቀመጥ አውሬ የት አለ? በማግሥቱ ወይዘሮ ቆቅ ጥሬ ቋጥራ ከች አለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! እስቲ ልያቸው።»

«አይገለጥም፣ እትዬ ቆቅ፤ እርጥበቱ ይወጣባቸዋል።»

«ምነው እቴ! ዓይኔ ቡዳ ነው?»

ጉሬዛ አፈረች፤ ቆቅ ገለጠች። «ውይ ሲቀጥኑ! ፀሐይ ይሙቁ እንጂ!»

ቆቅ ሳትወጣ ከርከሮ ከነቤተሰቡ ገባ። ጃርት ተከተለች። ሁሉም ይገልጣል፣ ሁሉም እንትፍ እንትፍ ብሎ ይመርቃል፣ ሁሉም ይመክራል፤ የሚከድን ግን የለም። ጉሬዛ አንዱን ስትከድን ሌላው ይገለጥባታል። ቅጠሎቹ ጠወለጉ። ዝሆን በበኩሉ «ሞቋቸዋል» ብሎ በጆሮው አራገበላቸው፤ ያን ጊዜ ለይቶላቸው ኩርምት አሉ።

አንድ ሣጥን ችግኝ ብቻ ተረፈ። ጉሬዛ እሱን አቅፋ ወደ ጅብ ዋሻ ወረደች።

«አያ ጅቦ፣ ሳትበላኝ አንድ ነገር ልለምንህ?»

«ጠግቤያለሁ፤ ተናገሪ።»

«እነዚህን አስጠጋልኝ። ዋሻህ ጥላ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ደግሞም…»

«ደግሞም ይገማል፣ ጠያቂ የለውም። ጨርሺው እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል?» ሣጥኑን ተቀበላት። «ቅጠል አልበላም፤ ምክርም አልሰጥም።»

ጉሬዛ እየተመላለሰች ላስቲኩን ጥቂት ገለጥ፣ መልሳ ከደን፤ ሲለምዱ ደግሞ ሰፋ አድርጋ ትገልጠው ጀመር። ቅጠሉ ወፈረ፣ ሥሩ አፈሩን ጨበጠ። ላስቲኩ ጨርሶ ተነሣ። ችግኙ መጀመሪያ ወደ ዋሻው አፍ፣ ኋላም ወደ ፀሐይ ወጣ።

አውሬው በዚህ ጊዜ በጉሬዛ ዛፍ ሥር ለሞቱት ወይኖች ለቅሶ ተቀምጧል።

«ሳትከድናቸው ቀርታ እኮ ነው!» ትላለች ቆቅ፣ ደረቷን እየደቃች።

ዝሆን «ዛፉን ልቀቂ» ሊል ኩምቢውን ሲያነሣ ጉሬዛ «መጀመሪያ ተከተሉኝ» አለችው። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ወረደ። በጅብ ደጅ ለምለም ወይን ሽቅብ ይሳባል። ዝሆን ፍርዱን ዋጠ። አፍንጫ የያዘው እጅ ሁሉ ተለቀቀ።

«አያ ጅቦ፣ የእናቴ ወገን አይደለህ እንዴ!» አለ ከርከሮ፣ ዋሻው አፍ ላይ ተዘርግቶ።

«የእኔ ምርቃት ነው የያዘላቸው» አለች ቆቅ፣ ቅጠሉን እያገላበጠች።

ጅብ ደጁን የሞላውን ዘመድ ቃኝቶ ወደ ጉሬዛ ዞረ።

«እመት ጉሬዛ፣ ነፋሱን አለማመድሻቸው፣ ፀሐዩን አለማመድሻቸው፤ ይኼን ሁሉ ወዳጅ ግን በየትኛው ላስቲክ ታለማምጃቸዋለሽ?»