ለውጭ ብቻ የሚቀባ

[የዳቦ ቤት ጓዳ፣ ጧት። ዳቦው ወጥቶ አልቋል፤ ምድጃው ግን ገና ይፋጃል። ጋጋሪው ከምድጃው ጥግ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። እጅጌው እስከ ጣቶቹ ወርዷል። አቡኪው የእህቱ ባል ነው፤ ከበሩ ሊወጣ ሲል ይጠራዋል።]

ጋጋሪው፦ ደግሞ ልትወጣ ነው?

አቡኪው፦ ቁስሌን ልቀባ ነው ጋሼ። አሁን እመለሳለሁ።

ጋጋሪው፦ እዚሁ ተቀባዋ። ጆንያው ያይህ ይመስል ምን ታፍራለህ?

አቡኪው፦ እዚህማ አይሆንም።

ጋጋሪው፦ ለምን አይሆንም? ያ ትሪ ተንሸራቶ የፈጀን ሁለታችንንም ነው። አንተን የእጅህ አንጓ ላይ፣ እኔን ክንዴ ላይ። እኔ እንዳንተ በየሰበቡ ደጅ ስወጣ አይተኸኛል?

አቡኪው፦ አላየሁህም። ክሊኒክ ስትሄድም አላየሁህም።

ጋጋሪው፦ ዕድሜዬን ሙሉ ከእሳት ጋር ኖሬ ስለ ቃጠሎ ከነርስ ልማር? አንተስ ሄደህ ምን ተምረህ መጣህ?

አቡኪው፦ እኔማ መጀመሪያ የተማርኩት በተቃራኒው ነው። የቅባቷ ዕቃ ላይ «ለውጭ ብቻ» የሚል ተጽፏል። ስለዚህ ቤቴ ስሆን ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ ነበር የምቀባው።

ጋጋሪው፦ ምን አልክ?

አቡኪው፦ ውጭ አይደል የሚለው? ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዤ እወጣ ነበር። በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ መቀባት መቼም መከራ ነው።

ጋጋሪው፦ [እየሳቀ] አንተ ሰው፣ ለውጭ ማለት እኮ ቆዳህ ላይ ተቀባው፣ አትዋጠው ማለት ነው። ለዚህ ነው እህቴን ላንተ ለመስጠት ያመነታሁት።

አቡኪው፦ አሁንማ አወቅሁ። ያኔ ግን ነገሩ እህትህንም አላማራትም። ባሏ በየቀኑ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ ቅባት ቅባት ይሸታል። ምን ትበል?

ጋጋሪው፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ምን አለች?

አቡኪው፦ እሷስ ዝም ብላ ነበር። አንድ ዐዋቂ ሰው ነው አሉ፣ «ሌላ ለምዷል፣ ተከተዪው» ብሎ የመከራት።

ጋጋሪው፦ ወንድም ለእህቱ ካላሰበ ማን ያስብላት?

አቡኪው፦ አስበህላታል። ጎረቤቷን አስከትላ አጥሩን ዞራ መጣችና ደረሰችብኝ። ብቻዬን መሆኔን ስታይ ግራና ቀኝ አየችና «የታለች?» አለችኝ።

ጋጋሪው፦ አንተስ?

አቡኪው፦ እኔ ቅባቷን የፈለገች መስሎኝ «ኪሴ ውስጥ ናት» አልኳት።

ጋጋሪው፦ ኪሴ ውስጥ።

አቡኪው፦ አዎ። ደግሞ ነርሷ ለማንም እንዳላካፍል ነግራኝ ስለነበር፣ «የግሌ ናት፣ ብትቆጪም ላንቺ አልሰጥም» አልኳት። ጎረቤታችን እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ጋጋሪው፦ እህቴስ?

አቡኪው፦ ኪሴን በረበረች። ዕቃዋን አወጣች፣ አነበበች። ከዚያ ጆሮዬን ይዛ በቀጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ነርሷ ታሪኩን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ሳቀች። ወዲያው ግን ሁለታችንንም አስቀምጣ ነገሩን ከሥሩ አስረዳችን። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ባጭሩ ነግሬህ ነበር» አለችኝ። ቁስሌን ስታየው ግን ንጹሕ ነው፣ ደህና ይዘኸዋል ብላ አመሰገነችኝ።

ጋጋሪው፦ ታዲያ ውጭ ማለት ደጅ እንዳልሆነ ከተነገረህ አሁንም ወዴት ነው የምትሄደው? ወይስ ለመድሁት ነው የምትለው?

አቡኪው፦ ንጹሕ ውሃው ያለው ግቢ ነው። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ቁስሉ ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ነው፣ መፈተግ የለም። ደግሞ ይሄ ቅባት ልብስ ውስጥ ሲገባ ጨርቁ እንደ ኩራዝ ክር ነው የሚያያዘው ብላናለች። እዚህ ምድጃ ፊት ተቀብቼ እጅጌዬ እሳት ቢነካስ?

[ጋጋሪው እጅጌውን ያያል። ከነጆንያው ከምድጃው ፈቀቅ ይላል።]

ጋጋሪው፦ ነርስ መቼም ማስፈራራት ትወዳለች። ሌላስ ምን አለች?

አቡኪው፦ በስሱ ቀባው አለች።

ጋጋሪው፦ ይኸው። መድኃኒት ላይ ስስት። አንድ ቁስል ጠግቦ ካልተቀባ በምን ይድናል? እኔ ሊጥ እንደሚለጠፍ ነው የለጠፍኩት።

አቡኪው፦ ምኑን?

ጋጋሪው፦ ምን ምኑን?

አቡኪው፦ የለጠፍከውን። ክሊኒክ አልሄድክም፣ መድኃኒት አልገዛህም።

ጋጋሪው፦ [ዝቅ ባለ ድምፅ] ካንተዋ ነው። ትንሽ ትንሽ ወሰድኩ። የቤተሰብ ነገር ነው መቼም፣ እንደ ሌብነት አትቁጠረው።

አቡኪው፦ የእኔ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም ጋሼ።

ጋጋሪው፦ መስኮቱ ላይ ያለችው ናታ። ነጯ፣ ክዳኗ ሰማያዊ የሆነችው። ቫዝሊን መሳይ፣ ወደ ቢጫ የምታደላ።

አቡኪው፦ [ወደ መስኮቱ ዞሮ እያየ] እሷ የማሽኑ ናት።

ጋጋሪው፦ የማሽኑ ምን?

አቡኪው፦ የማቡኪያው ማሽን። መካኒኩ ባዶ የቅባት ዕቃ ውስጥ ግራሶ ሞልቶ ተወልን። ጥርሱ ሲጮህ ቀቡት ብሎ።

ጋጋሪው፦ ከተቀባስ በኋላ ይጮሃል?

አቡኪው፦ ማሽኑ? ዝም ይላል።

ጋጋሪው፦ እኔ ግን ባሰብኝ።

[አቡኪው ወደ እሱ ይጠጋል። እጅጌውን በቀስታ ይሰበስብለታል። ክንዱ በፌስታል ተጠቅልሏል።]

አቡኪው፦ ይሄስ?

ጋጋሪው፦ መድኃኒቱ እንዳይፈስ ነው።

አቡኪው፦ ከሥሩ ያለው ነጩስ?

ጋጋሪው፦ የጥርስ ሳሙና። እሱን መጀመሪያ ነው ያደረግሁት፣ ያበርዳል ብዬ። ሲያቃጥለኝ በላዩ ላይ ያንተን... የማሽኑን ጨመርኩበት።

[አቡኪው ፌስታሉን ይፈታል። ክንዱን ወደ ብርሃን ያዞረዋል። የጋጋሪውን ግንባር በእጁ ይዳስሳል።]

ጋጋሪው፦ ምነው ዝም አልክ? አንተ ዝም ስትል ያስፈራል።

አቡኪው፦ መግል ይዟል። ቅላቱም ወደ ክርንህ እየወጣ ነው። ደግሞ ትኩሳት አለህ።

ጋጋሪው፦ የምድጃው ሙቀት ነው።

አቡኪው፦ እኔም እዚሁ ምድጃ አጠገብ ነኝ፣ ግንባሬ ቀዝቃዛ ነው። ተነሥ እንሂድ።

ጋጋሪው፦ ካንተዋ ትንሽ ቀባኝና ነገ እናየዋለን።

አቡኪው፦ አልቀባህም።

ጋጋሪው፦ አሁንም ትሰስታለህ?

አቡኪው፦ ስስት አይደለም። ቁስሉ ከቀላ፣ ከጋለ፣ መግል ካወጣ ቅባት አትደርቡበት፣ ይዛችሁት ኑ ነው ያለችን። ነገ የሚባል ነገር የለም።

ጋጋሪው፦ [ክንዱን እያየ] እኔ እኮ ንቄ አይደለም የቀረሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሊቅ ይለኛል። የተቃጠለ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ሄጄ ይቆረጥ ቢሉኝስ? ከዚህ ክንድ ሌላ ምን አለኝ? ትሪ የሚያወጣልኝ፣ ልጆቼን የሚያበላልኝ እሱ ነው።

አቡኪው፦ ዛሬ ከሄድን ያክሙታል። ብንቆይ ምን እንደሚሉ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም።

ጋጋሪው፦ ዳቦውስ?

አቡኪው፦ ዳቦው ወጥቶ አልቋል። ሳትወጣ ያረርከው አንተ ነህ።

[ደግፎ ያስነሣዋል። ይወጣሉ።]

[ጥቂት ቀናት አልፈዋል። እዚያው ጓዳ፣ ጠዋት። የጋጋሪው ክንድ ንጹሕ ፋሻ ታስሮበታል። አቡኪው መስኮቱ ላይ ባለችው ዕቃ ላይ «የማሽን» የሚል ባለቀለም ወረቀት ይለጥፋል።]

አቡኪው፦ ዛሬ ምን አሉህ?

ጋጋሪው፦ ተርፏል። መግሉን ጠርገው፣ መርፌ ወግተው፣ የሚዋጥ እንክብል ሰጥተው ሲያመላልሱኝ ሰንብተው ዛሬ ነርሷ ፈታ አየችው። ቅላቱ ሄዷል፣ አዲስ ቆዳ እየመጣ ነው አለች። ከእንግዲህ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ብላ የራሴን ቅባት ሰጠችኝ።

አቡኪው፦ ተመስገን። እህትህ ስትሰማ እንቅልፍ ታገኛለች። ነርሷ ስለ ግራሶው አልጠየቀችህም?

ጋጋሪው፦ ጠየቀችኝ እንጂ። የመጀመሪያ ቀን፣ አንተ ደጅ ስትጠብቀኝ፣ ግራሶውን ከቁስሉ ውስጥ ስትለቅም ቆየችና፣ «ይህን የቀባህ ማነው?» አለችኝ።

አቡኪው፦ አንተስ ምን አልካት?

ጋጋሪው፦ ሰው ተሰብስቧል። የማውቃቸው ሰዎችም ነበሩ። «አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሞኝ ሰው ነው» አልኳት።

አቡኪው፦ እኔን ነው?

ጋጋሪው፦ ስም አልጠራሁም።

አቡኪው፦ እዚህ የምንሠራው ሁለት ብቻ ነን ጋሼ።

ጋጋሪው፦ ለዚያ ነው ስም ያልጠራሁት።

አቡኪው፦ እሷስ ምን አለች?

ጋጋሪው፦ ተቆጣች። «ያ ሰው ሁለተኛ ቁስልህን እንዳይነካው» አለችኝ። እንዲያውም አስማለችኝ።

አቡኪው፦ ማልክላት?

ጋጋሪው፦ በልጆቼ ማልኩ።

አቡኪው፦ ታዲያ ከእንግዲህ ማን ሊቀባህ ነው?

[ጋጋሪው አዲሱን ቅባት ከኪሱ አውጥቶ ያየዋል፣ ወደ ምድጃው ያያል፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጅ ይራመዳል። በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ወደ አቡኪው ይዘረጋል።]

ጋጋሪው፦ በል እጅህን ታጠብና ና።