ትኩሳት የያዘው ዴስክቶፕ

ምክር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ፣ ላስረዳ። የእውነት የቸገረው ሰው ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይቸገራል። «ምን ትመክረኛለህ?» ብሎ የሚመጣው ግን ልቡ የወሰነውን በሌላ ሰው አፍ ሊሰማ ነው የሚመጣው። እኔም አባቴን «ዴስክቶፕ ይሻላል ላፕቶፕ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ልቤ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሽር ብትን ማለት ከጀመረ ሳምንት አልፎት ነበር። ችግሩ... አባቴ ጥያቄን እንደ ጥያቄ የሚወስዱ ሰው ናቸው። ጠየቅኋቸው፤ መለሱልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነበርሁ፣ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ጽሑፌ የመተማን ሰሊጥ በሚያጠቃ ተባይ ላይ ስለነበር፣ ጥቅምት ላይ ኮኪት ካለው የአባቴ እርሻ ወርጄ ተባይ ስቆጥር ሰንብቻለሁ። (የሰው ልጅ ጠፈር ሲወጣ እኔ ተባይ እቆጥራለሁ!) ሚያዝያ ላይ፣ የቀረውን ቤት ሆኜ ልጻፍ ብዬ ወደ መተማ ዮሐንስ መጣሁ። በወሩ መጨረሻ ለአማካሪዬ ካላስረከብሁ፣ ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ካሜራውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ለመጻፍ ደግሞ ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

አሁን ከአባቴ ላስተዋውቃችሁ። አቶ ማሩ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሰሊጥና በትራክተር የጨረሱ ሰው ናቸው። በእሳቸው እምነት ጥሩ ዕቃ ማለት ከባድ ዕቃ ነው፤ አለቀ። ሬዲዮ ሲገዙ መጀመሪያ አይከፍቱትም፣ ያነሡታል። ወንበርም ያነሣሉ፣ ምጣድም ያነሣሉ። የእህቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን መጥቶ ሲጨብጣቸው እንኳ ክንዱን ከፍ ዝቅ አድርገው ሲመዝኑት በዓይኔ አይቻለሁ!

«ላፕቶፕ የምትይው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ኮምፒውተር ነው አባዬ፤ ግን ይታጠፋል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።»

«ትልቁስ?»

«ትልቁማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።»

«አሃ! ይኸኛው ጥጃው ነው በይኛ! ጥጃ ጠምዶ የሚያርስ ማን አለ?»

«መብራት ሲጠፋ እኮ ላፕቶፕ ይሠራል አባዬ።»

«መብራት ሲጠፋ ሰው ያርፋል እንጂ ምን ቆርጦት ይሠራል?»

«ትምህርት ቤት ስመለስም ይዤው እሄዳለሁ...»

«አንች ይዘሽው የምትሄጅውን ሌላውም ይዞት ይሄዳል!»

እስቲ እናንተ መልሱላቸው! ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ? ለእናንተ ምን ይደበቃል... እኔ የፈለግሁት ላፕቶፑን አልነበረም፤ ቦርሳውን ነው! ያችን ጥቁር ቦርሳ በትከሻ ላይ አጋድሞ ከቤተ መጻሕፍት መውጣት፣ ቆም ብሎ ሰዓት ማየት... ውስጡ በሶ ቢሆንስ ማን ያውቃል?

ማግስቱን ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ሄድን። ሐጂ ከማዶ ከሱዳን ከሚመጣ ሽቶ አንሥቶ እስከ ትራክተር ቺንጋ ድረስ የሌላቸው ነገር የለም። አንድ ላፕቶፕና አንድ ዴስክቶፕ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀድሜ ሐጂን ከጎኔ ላሰልፍ ብዬ ዓይኔን አርገበገብሁላቸው።

«ሐጂ፣ ላፕቶፑ ይሻላል አይደል?»

«ወላሂ ልጄ፣ ላፕቶፕ ማለት ጀነት ነው!»

«ትልቁስ?» አሉ አባቴ።

«ያ ዞል፣ ወዳጄ! ትልቁማ ጉልበት ነው! ሥራ ላለው ሰው ትልቁ ነው እንጂ!»

«እንዴ ሐጂ! አሁን ላፕቶፕ ጀነት ነው አላሉኝም?»

«ብያለሁ። ጀነት ውስጥ ሥራ አለ እንዴ ልጄ?»

ነጋዴን አማላጅ ያደረገ ምን ይበጀዋል? አባቴ ላፕቶፑን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉትና ግራ ተጋብተው ሐጂን አዩ። «ባዶውን ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወደ ዴስክቶፑ ዞሩ። ያን ባለ ትልቅ ሆድ ስክሪን አቅፈው ሲያነሡት የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ፊታቸው ግን ክርስትና የተነሣ የልጅ ልጅ የታቀፉ ያህል በራ። «ይኸ ነው ዕቃ!» አሉ። ጉዳዩ ተዘጋ። አራት ካርቶን ባጃጅ ላይ ተጫነ። ለእኔ የሚሆን ቦታ ስላልተረፈ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ከኋላ በእግሬ ተከተልሁ።

ሐቁን አልደብቅም፤ ዴስክቶፑ ጨዋ ነበር። ስክሪኑ ሰፊ፣ ፊደሉ ጉልህ። መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ አንቀጽ እየበላብኝ ቢሆንም፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አርባ ገጽ ጻፍሁ። አርባ! ማጠቃለያው ሳይቀር ተጽፎ አልቆ፣ የቀረኝ የፊደል ግድፈት ማረም ብቻ ሆነ። «ታዲያ ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽውም?» ትሉኝ ይሆናል። ፍላሽማ ነበረኝ። ሞልቶ ነበር... በህንድ ፊልም። አትፍረዱብኝ፤ ልጅቷ ገና አላገባችም ነበር፣ እንዴት ላጥፋው?

አሁን ወደ ጉዱ ቀን እንምጣ። መተማን በሚያዝያ የማያውቅ ካለ፣ ጥላው ራሱ ጥላ ፍለጋ የሚዞርበት አገር ነው ብዬ ልለፈው። እኛ ቤት ውኃ የሚቀዘቅዘው በጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልሉታላችሁ፣ ነፋስ ሲነካው ውኃው ጥርስ የሚያንገጫግጭ ይሆናል። ከእናት አባት የወረስነው ፍሪጅ ይኸው ነው፣ ቆጣሪም አይቆጥርበትም። እንግዲህ በዚያ ቀን ወረቀት ልገዛ ሐጂ ሱቅ ብቅ አልሁ። ኮምፒውተሩን አላጠፋሁትም፤ መብራት ሳይጠፋ ከዋለ ደስታውን ለምን አቋርጥበታለሁ?

ስመለስ አባቴ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። በሽተኛ አስታመው እንዳዳኑ ሰው ፊታቸው ረክቷል። ጠረጴዛው ላይ አየሁ። ኮምፒውተር የለም። አንድ ጆንያ ብቻ አለ። ጆንያው... ይንጠባጠባል!

«አባዬ... ኮምፒውተሩ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደ፤ ውስጥ ነው። ቀስ በይ፣ ገና አሁን ነው የተኛ።»

«ማን ነው ያለበሰው?!»

«እኔ ነኛ! አንች ሜዳ ለሜዳ ስትዞሪ ትኩሳት ይዞት ሲያቃስት አገኘሁት። እጄን ከኋላው ብሰድ እሳት ይተነፍሳል! ትራክተር ቢሆን ራዲያተሩን ከፍቼ ውኃ እጨምርለት ነበር። መክደኛውን ዞሬ ዞሬ ብፈልግ አጣሁት።»

መክደኛ ሳያበጅለት የቀረውን ፋብሪካ እግዜር ይስጠው!

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ጆንያ ነከርሁና አለበስሁታ። ወዲያው ማቃሰቱን ተወ። ብታይ እንዴት እንደ ተሻለው!»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ቱስ ሲል ሰምቻለሁ እኔስ» አለች።

«የጋለ ነገር ውኃ ሲነካው ቱስ አይልም?» አሉ አባቴ።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልሁና ጮኽሁ። የምን መጮኽ ነው፣ አቀለጥሁት! ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ነው የደረሰች። «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» ትለኛለች። «አርባ ገጽ!» አልኋት። ያልገባት መሰለኝ፤ ግን ከመጣች አይቀር አብራኝ አለቀሰች።

አባቴ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ያ በርቶ የነበረ ፊታቸው ድርግም አለ። ጆንያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው፣ ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። «ሰሊጥም ዝናብ ሲመታው ይደርቃል» አሉ ቀስ ብለው። ለእኔ ይናገሩ ለራሳቸው አላውቅም። የትራክተሩን መፍቻ አመጡ። ያን የብረት ሣጥን ብሎን በብሎን ፈቱት፤ የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ እንዳይረሱ ወረቀት ላይ ሥዕል እየሣሉ። ግቢ ውስጥ ባለው የገመድ አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጠፈና የኮምፒውተሩ ሆድ ዕቃ ፀሐይ ላይ ተሰጣ።

ሦስት ቀን! ሦስት ቀን እርሻ አልሄዱም። በርጩማቸውን አልጋው አጠገብ አድርገው፣ ረዥም ዘንግ ይዘው ዶሮ ይከለክላሉ፤ በየሰዓቱ ተነሥተው እያንዳንዷን ዕቃ ያገላብጣሉ። ምሳ ሲቀርብላቸው፣ «መጀመሪያ ልጄ ትብላ» ይላሉ። የመጀመሪያውን ቀን አላናገርኋቸውም፤ በጣም ተናድጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን በመስኮት ሳያቸው፣ ሃርድ ዲስኩን ይዘው በጋቢያቸው ጫፍ አቧራ ይጠርጉለታል። ወጣሁና ዘንጉን ተቀበልኋቸው፤ ዶሮ መከልከሉን ተራ ገባን። እንዲህ የወደድኋቸው ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በሦስተኛው ቀን በሥዕላቸው እየተመሩ ገጣጠሙት። አንዲት ብሎን ተረፈች። «ትርፍ ናት» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ሰካሁ። እናቴ ስለት ተሳለች። ማብሪያውን ተጫንሁት...

ምንም።

አባቴ ከኋላ ዞሩ፣ ገመዱን ገፋ አደረጉና፣ «አሁን» አሉኝ። ተጫንሁት። አቃሰተ! ያ የተባረከ ማቃሰት! እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እኔ ስክሪኑን ስሜ ከንፈሬን ነዘረኝ። አርባውም ገጽ አለ! ፍላሼን ሰካሁና ህንዳዊቷን ሳታገባ አሰናበትኋት። ጽሑፌን በቦታዋ ገለበጥሁት።

አባቴ ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ። «በይ እስቲ፣ ልገድለው የነበረውን ነገር አንብቢልኝ» አሉ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ማጠቃለያውን አነበብሁላቸው። «ታጭዶ፣ ተከምሮ ብዙ ቀን የቆየ የሰሊጥ ሂላ፣ ቶሎ ከተራገፈው ይልቅ በተባይ እንደሚጎዳ ጥናቱ አረጋግጧል።»

አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ።

«እሽ፣ ሌላስ?»

«አለቀ አባዬ።»

«አርባው ገጽ?»

«አርባው ገጽ።»

«አንች ልጅ!» አሉ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው፤ «ሂላ ሲቆይ ተባይ እንደሚፈላበት ለማወቅ ነው ይኸ ሁሉ? ብትጠይቂኝ አልነግርሽም ነበር?»

ጥቅምትን ሙሉ አጠገባቸው ተንበርክኬ ተባይ ስቆጥር፣ ስንት መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ እሳቸውን አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። አፍሬ ተመለስሁና ከዋቢ መጻሕፍቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁ። «አቶ ማሩ፣ መተማ፣ የቃል መረጃ።» ወሩ ሳያልቅ አስረከብሁ።

አማካሪዬ ጽሑፉን ለእርማት ሲመልስልኝ ብዙ ቦታ አልነካውም። ከአባቴ ስም አጠገብ ግን በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጽፏል። «ጠቃሚ ምንጭ ናቸው። ሌላ ሥራ ካላቸው ይጨመር።»

ሌላ ሥራማ አላቸው። ግን ዋቢ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? «ያልታተመ፤ በእርጥብ ጆንያ የተጠረዘ»?