የተፈጥሮ ዘይት ያለህ!

እስቲ ንገሩኝ፤ ሰው አንድ ነገር ሲያውቅ ሁሉንም ያወቀ የሚመስለው ለምንድን ነው? የዱመርሶው ቡና ነጋዴ ጋሽ በራሶ ቡናን በማሽተት ብቻ ይለያሉ፤ ይህን አልክድም። ቱርቦ የሚሉት የጉልበት መጨመሪያ ያላት መኪና ገዙና የሞተር ዘይት ሊመርጡ ዲላ ሲወርዱ አብሬያቸው ነበርኩ።

«ለቱርቦ የሚሆነው ሲንቴቲክ ነው» አላቸው ባለሱቁ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ሰራሽ።»

ጋሽ በራሶ ጀሪካኑን በሁለት ጣት ገፉት። «ማዳበሪያ ያልነካው ቡና የምሸጥ ሰው መኪናዬን ሰው ሰራሽ ላጠጣት? የተፈጥሮውን አምጣ!»

ነጋዴ ከገዢ አይጣላም፤ የከባድ መኪና ዘይት አወጣላቸው። አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት። «አየህ ውፍረቱን? ዘይት እንዲህ ነው!» አሉኝ። እኔስ በአዋቂ ፊት ምን እላለሁ? ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘይቱን አስሞልተው ብዙም ሳይቆይ፣ ወደ ጨለለቅቱ ስንሄድ መዳረሻው ዳገት ላይ ቱርቦው አፏጨ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። የተጠራው መካኒክ ሞተሩን አይቶ «ምን ዘይት ነው ያስገቡበት?» ቢላቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው «የተፈጥሮ!» አሉት።

«እንግዲህ በእግርዎ ይግቡ ጋሼ» አለ እጁን እየጠረገ፤ «እሱም የተፈጥሮ ነው።»