አጋዡ ክኒን

ሰው ፈገግ ሲልልኝ ድዱን ነው የማየው። ምን ላድርግ፣ የራሴ ድድ ካመመኝ ወዲህ የመጣ አመል ነው። ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር አረፋው ቀይ ይሆን ጀመር። ቀጥሎ የፊት ጥርሴን በምላሴ ብነካው ነቅነቅ አለ። ደነገጥኩ። እኔ እኮ አሰላ ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ያለ ፊት ጥርስ "ቲ ኤች"ን በምን እላታለሁ?

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሐያት! የድሮ ተማሪዬ። አንዴ ስትኮርጅ ይዣት የፈተና ወረቀቷን ቀድጄባታለሁ። አሁን ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ቀጭን ብረት ይዛ "ቲቸር፣ አፍዎን ይክፈቱ" ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አትጠይቁኝ። ብረቱንም እሷንም ተጠራጠርኩ።

ድዴ ሥር ድንጋይ የሆነ ቆሻሻ ገብቷል፣ ተመላልሼ ጥርሴን ማሳጠብ አለብኝ አለች። ፍራፍሬ ከቀመስኩ መቆየቴን ስነግራት ደግሞ ቪታሚን ሲ ጻፈችልኝ።

"ይኼ ግን አጋዥ ነው ቲቸር፤ ዋናው እጥበቱ ነው።"

አጋዥ! ይህችን ቃል የማያውቅ የአገራችን ተማሪ አለ? አጋዥ መጽሐፍ የገዛ ልጅ ዋናውን መጽሐፍ ይገልጠዋል እንዴ? አጋዡ አጭር ነው፣ መልሱም ከኋላ አለ። አጋዡ እጄ ላይ እያለ በብረት የምፋቀው ምን በወጣኝ? ደግሞስ እጥበት የሚሉት ነገር ጥርስ የሚያሳሳ ቢሆንስ? የሳሳ ጥርስ ቶሎ ያማል፤ ያመመው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ገባችሁ? ይህን ለባለቤቴ ለዘይነባ ሳስረዳት፣ "አንተ እኮ የጥርስ ሳሙናውንም ትጠረጥራለህ" ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስለዚህ ብርቱካንማዋን ክኒን ጠዋት ጠዋት እመጥ ጀመር። ትኮመጥጣለች። እንዲህ የሚኮመጥጥ ነገርማ ሳይሠራ አይቀርም አልኩ። ለመምህራኑ ሁሉ ሰበክሁላቸው። ወራት አለፉ፣ ድዴ መድማቱን አልተወም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ "ቲ ኤች"ን ሳሳይ ጥርሴ ወደ ውጭ ዘመመ። ስልሳ ተማሪ ጸጥ አለ። እኔ በጩኸቴ ጸጥ አሰኝቻቸው የማላውቃቸውን ልጆች!

የቪታሚኑን ብልቃጥ ይዤ ሐያት ጋ ሮጥኩ። እጥበቱስ ብትለኝ፣ አጋዡን ጨርሻለሁ አልኳት። አልሳቀችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይኼኛውን ማትረፍ አልችልም ቲቸር፤ ዘግይተናል። ሌሎቹን ግን ዛሬውኑ እንጀምር።"

እጇ ለስላሳ ነበር። በጠረጠርኳት ልክ አፈርኩ። ጥርሴን ነቅላ ጥጥ አስነከሰችኝና አፌን እንዳልከፍት አስጠነቀቀችኝ።

ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ እጄ ላይ ያለውን ብልቃጥ አየ።

"ጋሼ፣ የእኔም ድድ ይደማል። ይኼ ነገር ይሠራል?"

ጥጤን እንደነከስኩ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። በፍጹም! ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ በጣቴ ወደ ክሊኒኩ ጠቆምኩት። ሾፌሩ በመስታወቱ ትክ ብሎ አየኝና አጠገቤ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረ።

"አየሽልኝ ጭካኔ? ለብቻው ሊድን እኮ ነው!"