ወገብ ያዥ እና የምጥ መለኪያ

ዘንድሮ ያልተለካ ነገር የሚያምን ሰው አላየሁም። ደከመኝ ስትሉ የደም ግፊታችሁን ይለካሉ፤ አልተኛሁም ስትሉ እጃችሁ ላይ ያሰራችሁት ሰዓት «ተኝተሻል» ብሎ ይሟገታችኋል። እዚህ ሽኩና ዳሌት በሚሉት ሰፈራችን፣ ጎረቤቴ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ ስንት እርምጃ እንደሄደች ስልኳን ትጠይቃለች። እኔ ጉልበቴ ይነግረኛል። ባትሪም አይፈልግ።

ምጥ ሳይቀር በመሣሪያ ይለካል ብትሉኝ ግን እስቅባችሁ ነበር። ወደዚህ አገር ሳንመጣ፣ ጎንደር ገጠር ሳለን፣ ምጥ የሚለካው በወገብ ያዥ ነው። አንዲት ጠንካራ ሴት ከኋላ ተቀምጣ የምታምጠዋን ወገብ ግጥም አድርጋ ትይዛለች፤ ምጡ ሲመጣ እጇ ያውቀዋል። የምታምጠዋም አትጮህም፤ ነውር ነው። እኔ መውለዴን ጎጆው ደጅ የቆሙት የሰሙት ከሕፃኑ አፍ ነው። ይህን ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው፤ ቻሉኝ።

በቀደም የልጅ ልጄ አቪቫ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ባሏ ከሰሜን እየመጣ መንገድ ላይ ስለነበር አብሬያት የገባሁት እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ወጥቼ ከኋላዋ ተቀመጥኩና ወገቧን ያዝኩ። እሷም ጭጭ! «የእኛን ዘር አያችሁ?» አልኳቸው ነርሶቹን። ጀርባዋን የማደንዘዣ መርፌ መወጋቷን ግን አላነሳሁም። ማን ጠየቀኝ?

ሆዷ ላይ ያሰሩላት ቀበቶ እየተንሸራተተ አስቸገራቸው። ስለዚህ ውሃ የሞላበት ቀጭን ቱቦ ማሕፀኗ ውስጥ አስገብተው የምጡን ኃይል ከውስጥ ሊለኩ ሆነ። ሲያስገቡ አስነሱኝ፤ ሲጨርሱ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ቦታዬ ተመለስኩ። ቱቦው የተያያዘበት ስክሪን ላይ መጀመሪያ ምጡ እንደ ትልቅ ተራራ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ የጉንዳን ኩይሳ። ሐኪሙ አየና «ምጡ ደካማ ነው። ስመለስም እንዲህ ከሆነ ኦፕራሲዮን እናደርጋለን» ብሎ ወጣ።

አቪቫ እጄን ጨመቀችው። «ሳብታ፣ ሆዴን እንዳይከፍቱት።» ሳብታ ማለቷ «አያቴ» ማለቷ ነው፤ በዕብራይስጥ ካልሆነ አታናግረኝም።

ነርሶቹ ግን ክርክር ይዘዋል። አንዷ ስቬታ ናት፣ ከሩስያ የመጣች፣ ሥራው ላይ የሸበተች። ሌላዋ ሺራ የእኛው ልጅ ናት፣ ራሞት የሚሉት የሀብታም ሰፈር ቤት የገዛች፣ አማርኛዋ ጨው ያነሰው።

«የውሃ ቱቦ ይቅር ብዬሽ ነበር» አለች ሺራ። «አንዲት አረፋ ከገባችበት ይዋሻል። ጫፉ ላይ መለኪያ ያለው አዲሱ ይሻላል።»

«የእኔው ሲዋሽ አጥበዋለሁ፣ እውነቱን ይናገራል። ያንቺው ሲዋሽ ጥለሽ ሌላ ትከፍቻለሽ።»

«አንቺ የለመድሽውን ብቻ ነው የምትወጂው።»

«አንቺ ደግሞ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ሁሉ!»

ልጄ ልትቀደድ ነው፣ እነሱ እንደ ድስት ነጋዴ ዕቃቸውን ያሞግሳሉ። ታከተኝ። ወገቧ መዳፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ይሰማኛል። «ምጧ ብርቱ ነው» አልኳቸው።

«እማማ፣ እጅሽ ቁጥር አያወጣም» አለችኝ ሺራ። «እርስዎ» ማለትንስ ማን ያስተምራት!

በመጨረሻ ስቬታ ቱቦውን ልታጥብ ውሃ የያዘውን ስሪንጅ አነሳች፤ ሺራም የመሣሪያውን ሽቦ ነቅላ ትሰካው ጀመር። «እማማ፣ ተነሺልን።»

እያጉረመረምኩ ተነሳሁ። ቀሚሴን ሳስተካክል ዞር ብዬ አየሁ። ቱቦው እኔ ከተቀመጥኩበት ላይ ጭፍልቅ ብሎ ተኝቷል። እያየሁት ቀስ ብሎ ቀና አለ። ስክሪኑ ላይ ተራራው ወጣ።

«አላልኩሽም? ሲታጠብ ይናገራል!» አለች ስቬታ።

«ሽቦው ነው እንጂ! እኔ ስሰካው ነው» አለች ሺራ።

ሐኪሙ ተመልሶ ተራሮቹን አየና ስለ ኦፕራሲዮን ሳያነሳ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አቪቫ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሆዷም አልተከፈተ።

እውነቴን ነው፣ ልናገር ነበር። ግን ሁለቱም አሸንፌያለሁ ብለው ፊታቸው በርቷል፤ የማንን ላጥፋ? ደግሞም ደክሞኛል። ወንበር ፈልጌ ቁጭ አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሥሬ ያለውን አይቼ።

አቪቫ ሕፃኗን ደረቷ ላይ እንዳስተኛች ወደ እኔ ዞረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ለምኜ ያጣሁት አማርኛ ያን ቀን ጥርት ብሎ መጣላት።

«ሳብታ፣ ቱቦው ላይ ተቀምጠሽበት ነበር፣ አይደል?»

ሺራ ከአልጋው ማዶ ቀና አለች።

«ዝም በይ» አልኳት አቪቫን። «የእኛ ሴት አትጮህም።»