ዘፋኝ ሲሞት ባትሪ ይፈለጋል

በእኛ አገር አዲስ ዘፈን የሚገባው ጭቃው ሲደርቅ ነው። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ክረምቱን መኪናው መንገድ ላይ አዲሎ ደርሶ ይቆማል። ዘፈኑም እዚያው ይከርማል። መንገዱ ጠንከር ሲል ነው ሹፌሮቹ በጨውና በስኳሩ መሀል የዘፈን ሸክላ ሸጉጠው ሆሳዕና የሚደርሱት። ከዚያ በጋውን ሙሉ ያችው ሸክላ ናት። ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት እሷ። ጥር ላይ መሀሏ ተጭሮ ዘፋኙ መንተባተብ ይጀምራል። እኛም አብረነው እየተንተባተብን እንዘፍናለን። የማይንተባተብ ሰው ካያችሁ ዘፈኑን አያውቀውም ማለት ነው።

እኔ ትምህርት የተውኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ወይም እሱ ነው የተወኝ፤ ማን ቀድሞ እንደተወ አሁን ምን ይሠራላችኋል? ዛሬ ባትሪ ድንጋይ ይዤ ከሆሳዕና ሞርሲቶ፣ ከሞርሲቶ ዳምቦያ እዞራለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትፍረዱብኝ። ገበያዬ የሚደራው የታወቀ ዘፋኝ ሲሞት ነው። የአዲስ አበባው ሬዲዮ መርዶውን ተናግሮ ዘፈኖቹን መልቀቅ ሲጀምር፣ ሳጥን ውስጥ ዝም ብሎ የከረመ ሬዲዮ ሁሉ ባትሪ ይፈልጋል። እኔ ታዲያ ልዘን ወይስ ልሽጥ? ሁለቱንም አደርጋለሁ።

አንዱ ዘፋኝ የሞተ ጊዜ ዳምቦያ ነበርኩ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ጥቁር ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሰው ዘመዱ የሞተበት መስሎት እግዜር ያጥናህ ሊለው ተሰለፈ። ለመጀመሪያው ጎረቤቴ ነበር አለው። ለሁለተኛው ከአንድ ሳህን በልተናል አለው። አምስተኛው ጋ ሲደርስ ክራር ያስተማርኩት እኔ ነኝ ማለት ጀምሮ ነበር። በኋላ ሲጣራ ሰውየው አዲስ አበባን የረገጠው አንድ ቀን ነው፤ እሱም ሐኪም ቤት። እንባው ግን እውነተኛ ነበር። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

እንዲህ ነን እኛ። ሩቅ ለሞተው ጥቁር እንለብሳለን። አጠገባችን ለሚዘፍነውስ?

ጋሽ ኤርጃቦ ሆሳዕና ገበያው ጥግ ባለው ጠጅ ቤት ክራር የሚመታ ሰው ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በሙቀትም ኮቱን የማያወልቅ። የጃንሆይ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ በሃዲይኛ ይዘፍናል። አንዲት የበጋ ዘፈን ነበረችው። ሩቅ አገር የተዳረች እህት ወንዙ እስኪጎድልላት ጠብቃ ለመስቀል ወደ ወንድሟ ቤት ትመጣለች። አለቀ፣ ይኸው ነው ዘፈኑ። ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ያለች እህት የሌለችው ወንድ አልነበረም። ግን ማን ይስማው? ለእኛ ዘፈን ማለት በአማርኛ ሆኖ ከሬዲዮ የሚወጣ ነው። እናታችን በምትቆጣን ቋንቋ ሲሆን ዘፈን ሳይሆን ወሬ ይመስለን ነበር። ወሬ ሲወራ ደግሞ ማን ዝም ይላል?

ባለፈው ጥር ሞተ። ለቅሶው ላይ የሆሳዕና ወንድ አልቀረም። ለካ ሁሉም ይወደው ኖሯል። እኔም ተነስቼ ተናገርኩ። አገራችንን ያኮራ፣ በቋንቋችን የዘፈነ፣ እንደሱ ያለ አይወለድም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

ሚስቱ እትዬ ሣራ የወንጌል አማኝ ናት። በሦስተኛው ቀን ወደ ጓሮ ጠራችኝ፣ እንሰቱ ሥር። ዘፈን ኃጢአት ነው ብላ ክራሩ ቤት እንዳይገባ የከለከለችው እሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ክራሩን ጠጅ ቤት እያሳደረ ባዶ እጁን ነበር የሚገባው። እሷ ደግሞ ጠጅ ቤት አትረግጥም።

«አንድ ቀን እንኳ ሲዘፍን አልሰማሁትም ልጄ» አለችኝ። «እናንተ ጠግባችሁታል። የተቀዳ ድምፅ አለው ይላሉ። አንዴ ብቻ ልስማው።»

ይቺማ የእኔ ሥራ ናት አልኩ። አንድ አስተማሪ ቴፕ ነበረው፤ ጠጅ ቤት ይዞት መጥቶ ጋሽ ኤርጃቦን አንዴ ቀድቶታል። ሌላ ቅጂ የለም። አስተማሪው አላውስም ብሎ ሁለት ቀን አመላለሰኝ። ለምኜ፣ አስቄው፣ አዲስ ባትሪ በነፃ ከትቼለት ሰጠኝ። ቴፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ስሄድ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። ጋሽ ኤርጃቦን ከመቃብር ላወጣው ነው እያልኩ።

እትዬ ሣራ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያያት በሩን ዘጋች። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከፈትኩት።

ክራሩ መጣ። ቀጥሎ ድምፁ፤ ቀጭን፣ ዝግ ያለ። እህቲቱ ገና ወንዙ ማዶ ቆማለች። እትዬ ሣራ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ብርሌ ተንኳኳ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ስለ በሬ ይከራከራል። ጋሽ ኤርጃቦ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺን የባላገር ነገር ተዋትና የሬዲዮውን ዝፈንልን በናትህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክራሩ ቆመ። ከዚያ ጋሽ ኤርጃቦ በዚያ በሚያደናቅፈው አማርኛ የአዲስ አበባውን ዘፈን ጀመረ። ሰዉም በአነጋገሩ እየሳቀ አጨበጨበለት። የቴፑ ክር እስኪያልቅ ሌላ ነገር የለበትም።

ጎረምሳው እኔ ነኝ።

እትዬ ሣራ ወደ እኔ ዞር አላለችም። መልሰው አለች። ክሩን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ጎረምሳው አፉን ሊከፍት ሲል እጇን አነሳች፤ አጠፋሁ። መልሰው አለች። እንዲህ ስንል አምሽተን አዲሱ ባትሪ ደከመ፤ ሌላ አልያዝኩም። እህቲቱ አንዴም ወንዙን አልተሻገረችም።

ቴፑን አንስቼ ልወጣ ስል፣ ይቅርታ ማለት የሚባል ነገር ትዝ አለኝ። እሷ ግን ቀደመችኝ።

«መሣሪያው ጎበዝ ነው ልጄ» አለችኝ። «አንተን አንዲት ቃል አላጎደለብህም።»